ቤንዚን፣ ማስቲሽ፣ ነፍታሊን፣ ፓራሲታሞል፦ ቀለበቱ አንድ፣ ጠባዩ ለየቅል

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተርዬ፣ ፓራሲታሞል ውስጥ የቤንዚን ቀለበት አለ የሚል ቪዲዮ አይቼ ለልጄ መስጠት አቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ በትኩሳት ስትቃጠል አደረች። እውነት ነው እንዴ?»

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። እህቴ፣ ቀለበቱ አለ፣ ቤንዚኑ ግን የለም። ሽሮፑን በልጅሽ ኪሎ ልክ ስጫት።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ድካም አስቸግሮት መጣ። ሲቢሲ ሳሠራው ነጭ የደም ሴሉ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ስለ ሥራው ስጠይቀው በየቀኑ እጁን በቤንዚን እንደሚታጠብ፣ ከታንከር ሲቀዳም ጎማውን በአፉ እንደሚስብ ነገረኝ። አንዷ የማይጎዳውን ትፈራለች፣ ሌላው የሚጎዳውን በእጁ ይታጠብበታል። ሁለቱንም ያገናኘው ያ ቀለበት ስለሆነ ዛሬ ስለሱ እናውራ። ኬሚስትሪ ነው፤ ግን አትሽሹ፣ እኔም አንደኛ ዓመት ላይ አልወደውም ነበር።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ማደያ የምንቀዳው ቤንዚን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። የኬሚስትሪው ቤንዚን ግን አንድ ነጠላ ሞለኪውል ነው፤ 6 ካርቦን በቀለበት ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሃይድሮጅን ይዘው። በማደያው ቤንዚን ውስጥም በትንሹ ይገኛል፤ የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ወስኗል። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ሚቸርሊክ ሲሆን ዓመቱም 1833 ነው፤ ቤንዞይን ከሚባል የዛፍ ሙጫ ከሚገኝ አሲድ ስላወጣው ነው እንዲህ ያለው። የሙጫው ስም ደግሞ ከዐረብኛው «ሉባን ጃዊ»፣ ማለትም «የጃቫ ዕጣን» የመጣ ነው። ከቤንዝ መኪና ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ካርል ቤንዝ ያኔ ገና አልተወለደም!

እነዚህን ቀለበቶች «አሮማቲክ» የሚሏቸውም መጀመሪያ የተገኙት መዓዛ ስለነበራቸው ነው። ዛሬ ቃሉ ከሽታ ጋር ግንኙነት የለውም። የሚናገረው ስለ ኤሌክትሮን አቀማመጥ ነው።

እንዲህ አስቡት። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በየሳህናቸው ሳይሆን አንድ መሶብ ከበው ይበላሉ። በቤንዚን ቀለበት ውስጥም 6 ኤሌክትሮኖች የአንዱ ካርቦን ወይም የአንዱ ቦንድ ንብረት መሆናቸው ቀርቶ የቀለበቱ ሁሉ የጋራ ይሆናሉ። ስለዚህ ቀለበቱ ዝርግ ነው፣ ጎኖቹ እኩል ናቸው፣ በቀላሉም አይፈርስም። ኬኩሌ በ1865 ቀለበቱን ሣለ፤ ሒሳቡን ግን ሁከል በ1931 ነው ያስቀመጠው። እንዲህ ዓይነት ጥንካሬ የሚገኘው የጋራ ኤሌክትሮኖቹ 2፣ 6፣ 10፣ 14፣ 18 ሲሆኑ ነው (አራት እየጨመራችሁ ሂዱ)።

4 ቢሆኑስ? ያኔ መሶቡ ይገለበጣል። አንቲ አሮማቲክ ይባላል፤ ባለ 4 ካርቦኑ ሳይክሎቡታዳይን በጣም በቀዘቀዘ ሁኔታ ካልሆነ በስተቀር አይቆይም። 8 ኤሌክትሮን ያለው ወንድሙ ደግሞ ብልጥ ነው፤ ዝርግ መሆኑን ትቶ እንደ ገንዳ ይጎብጥና ከችግሩ ያመልጣል። ሲጎብጥ መጋራቱ ስለሚቋረጥ አሮማቲክ ያልሆነ ተራ ቀለበት ሆኖ ይኖራል። ቀለበት ሁሉ አሮማቲክ አይደለም ማለት ነው።

አሮማቲክ የሆኑትም ቢሆኑ ዓይነታቸው ብዙ ነው። ሁለት ቀለበት ጎን ለጎን ሲጣበቁ ነፍታሊን ይሆናል፣ 10 ኤሌክትሮን። አምስት ሲጣበቁ በትምባሆና በእንጨት ጭስ ውስጥ የሚገኘው ቤንዞፓይሪን ይመጣል። ከካርቦኖቹ አንዱ በናይትሮጅን ሲተካም አሮማቲክነቱ አይጠፋም፤ የዲኤንኤ ፊደሎች የተሠሩት ከእንዲህ ዓይነት ቀለበት ነው። ደማችሁን ቀይ የሚያደርገው ሄም እንኳ 18 ኤሌክትሮን የሚጋራ ትልቅ አሮማቲክ ቀለበት ነው። ሰውነታችን ፌኒልአላኒን የሚባለውን ባለ ቀለበት ነገር ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ይወስዳል፤ ዶፓሚንና አድሬናሊን የሚሠሩት ከዚያ ነው። እና «ቀለበቱ መርዝ ነው» ካልን ከሽሮ ወጥ እንጀምር።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እጀታው ላይ። ጉበት እንግዳ ነገር ሲመጣበት የሚይዝበት ቦታ ይፈልጋል። ፓራሲታሞል ቀለበቱ ላይ ጉበት በቀላሉ የሚይዘው እጀታ አለው፤ እሱ ላይ ሌላ ነገር ለጥፎ በሽንት ይሸኘዋል። ቀለበቱ ሳይነካ ይወጣል። (ከመጠን በላይ ከተወሰደ ግን ጉበት ራሱ ይጎዳል፤ ለዚህ ነው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይለፍ የምንለው። ልጁ ከ3 ወር በታች ከሆነና ካተኮሰው ሽሮፕ ሳትፈልጉ ቀጥታ ሐኪም ጋር።)

የኬሚስትሪው ቤንዚን እጀታ የለውም። ጉበት ሲቸግረው ራሱን ቀለበቱን ያጠቃል። ከዚያ የሚወጡት ስብርባሪዎች በደም ሄደው መቅኔ ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያ ደግሞ ወደባሰ መርዝ ይለወጣሉ። መቅኔ የደም ፋብሪካ ነው። ለረጅም ጊዜ የተጋለጠ ሰው ላይ ሴሎቹ ሊያንሱ፣ ሲብስም የደም ካንሰር ሊመጣ ይችላል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤንዚንን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው፣ ከመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል።

ብዙ ጊዜ ማጣበቂያና ቀለም ማቅጠኛ ውስጥ ያለው ቶልዊን ቤንዚን ላይ አንድ ካርቦን የተቀጠለበት ነው። ጉበት ያችን ቅጥያ ይዞ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ መቅኔን እንደ ቤንዚን አይጎዳም። ግን ስብ ስለሚወድ አንጎል ውስጥ ይሰገሰጋል። ማስቲሽ የሚስቡ የጎዳና ልጆችን አስቡ። አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ፤ ሲስቡ ብታገኟቸው አታስደንግጧቸው፣ አታሯሩጧቸው። በዚያ ሰዓት ልባቸው በአድሬናሊን በቀላሉ ምቱን ይስታል፤ በድንጋጤ ብቻ ሕይወታቸው ሊያልፍ ይችላል። ረጋ ብላችሁ ንፁህ አየር ወዳለበት ውሰዷቸው።

ነፍታሊን ደግሞ ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የምናስቀምጠው ነው። ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ቀይ የደም ሴልን ያስጨንቃል፤ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሰው ሰው ደግሞ ሴሎቹ ይፈነዱበታል። አራስ ልጅ ላይ አደጋው የከፋ ነው። ለወራት ነፍታሊን ውስጥ የከረመ ፎጣና ብርድ ልብስ አውጥታችሁ ሕፃን አትጠቅልሉ። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ፀሐይና አየር ያግኘው። ልጁ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት።

ቤንዚንም ሆነ ነጭ ጋዝ ለቅማል ብላችሁ ጭንቅላት ላይ አትቀቡ። በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከተጠጣም አታስመልሱ፣ ወተት አታጠጡ! ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሚገድለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የተነከረ ልብሱን አውልቃችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

የጋራዡን ልጅ ነጭ የደም ሴሉን ያወረደው ቤንዚኑ ነው ብዬ በአንድ ምርመራ አልደመድምም። ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ምርመራውን በቀጠሮ እንደግመዋለን። ይህን ሁሉ ሳስረዳው አዳምጦ ሲያበቃ «እሺ ዶክተር፣ እና ግሪሱን በምን ልታጠበው?» አለኝ። ትንሽ የምግብ ዘይት ቀብተህ አሟሟው፣ በጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ አልኩት።

«ዘይት? በዚህ ዋጋ?» ብሎ ሳቀ።

የተጠበሰበትም ይሆናል አልኩት።