ስለ ጎልፍ ጨዋታና ስለ ወል ሜዳ

ከቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚመለስ መንገደኛ፣ ስእለቱን አግብቶና ጠበሉን ጠጥቶ የሂርናን ዳገትና ቁልቁለት ከጨረሰ በኋላ፣ የዛሬዎቹ ጭሮ፣ የቀድሞዎቹ ግን አሰበ ተፈሪ በሚሏት ከተማ ጥቂት ሳያርፍ ወደ ሚኤሶ ቆላ መውረድ ልማዱ አይደለም። እኛም በአንድ ታኅሣሥ፣ ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በከተማዪቱ ዳርቻ መኪናችንን አቁመን ሳለን፣ ማሽላው ታጭዶ ጉቶው ብቻ በቀረበት ማሳ ላይ እረኞች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው የእንጨት ሩር ሲያሳድዱ አየን። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዕድሜው ከ10 ዓመት የማያልፍ ልጅ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመና ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ሲመታት፣ ሩሯ አቧራ አስነሥታ በጉቶው መካከል ሾልካ ሄደች፤ ልጁም የደረሰችበትን ለማየት መዳፉን ከግንባሩ ላይ ጋረደ። በአሜሪካ ብዙ ዘመን የኖረው የእናቴ ወንድም ይህን አይቶ፣ «ይህማ ጎልፍ ነው!» አለ። ሾፌራችን ግን ፈገግ ብሎ፣ «የለም ጋሼ፣ ጎልፍ ነው እንጂ የፈረንጅ ገና» ሲል መለሰለት።

ሾፌሩ ይህን የተናገረው ለጨዋታ ቢሆንም፣ ነገሩን ጠጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ከእውነት የራቀ አይደለም። የገና ጨዋታ፣ አበው እንደሚተርኩት፣ የጌታ ልደት ብሥራት በደረሳቸው ጊዜ እረኞች በያዙት በትር ከተጫወቱት የደስታ ጨዋታ የተወረሰ ሲሆን፣ ኦሮሞዎችም ተመሳሳዩን ጨዋታ በቋንቋቸው ቂሌ ይሉታል፤ ሁለት ወገን በአንዲት ሩር ስለሚሻማ ጩኸቱና ግፊያው ብዙ ነው። ጎልፍ በአንጻሩ የባሕታዊ ጨዋታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እያንዳንዱ ተጫዋች ክብደቷ ከ46 ግራም የማይበልጥ የራሱን ኳስ እየመታ፣ የአፋቸው ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ከሆነ 18 ጉድጓዶች በየተራ ያስገባታል፤ በጥቂት ምት የፈጸመ አሸናፊ ነው፤ ነፋሱ፣ አሸዋውና የገዛ ክንዱም ከባላንጣው ይልቅ ያስቸግሩታል። ሁለቱም ጨዋታዎች ግን ያለ ሰፊ ሜዳ አይሆኑም፤ እኔንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሳሰበኝ ሜዳው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

አጎቴ ዐይኑን ከማሳው ሳያነሣ እንደ ነገረን፣ አላባማ በተባለው የአሜሪካ ግዛት የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞችን የጡረታ ገንዘብ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሮበርት ትሬንት ጆንስ የተባለውን ስመ ጥር የጎልፍ ሜዳ ነዳፊ ስም የያዘ አንድ ታላቅ ሥራ አስጀመረ፤ ይኸውም ከሰሜን ከማስል ሾልስ እስከ ደቡብ ባሕር ዳርቻ እስከ ሞቢል ድረስ በመንገድ ላይ እንደ መቍጠሪያ ፍሬ የተሰካኩ ሜዳዎች ናቸው፤ ከጊዜ በኋላም በ11 ስፍራ 26 ሜዳ፣ በጠቅላላው 468 ጉድጓድ ደርሰው ነበር። የማኅበር አባል ነህን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዋጋውን የከፈለ ሁሉ ይጫወታል። አጎቴም ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር የዱላውን ከረጢት በመኪና ጭኖ፣ ማታ በመንገድ ዳር ማረፊያ እያደረ፣ ጧት ጧት በሌላ ከተማ ሌላ ሜዳ እየገባ አንድ ሳምንት ዞሯል። «በአራተኛው ቀን ምቱን መጻፍ ተውነው፤ ወረቀቱም አላነሰ፣ እኛ አፍረን ነው» አለ። የጡረተኛ ጥሪት ለጨዋታ ሜዳ መዋሉ ለጊዜው የሚያስገርም ይመስላል፤ ይሁን እንጂ መንገደኛን ወደ ግዛቱ የሚስብ ንብረት ሆኖ መቆሙን ስመለከት፣ ከብዙ የብልጽግና ዕቅድ ይልቅ ብልህነት ያለበት ሆኖ አገኘዋለሁ።

ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው የቤትፔጅ ጥቁር ሜዳ ደግሞ የመንግሥት መናፈሻ ክፍል ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በ2002 የአሜሪካ ትልቁ ውድድር ሲደረግበት በሕዝብ ሀብትነት የተያዘ ሜዳ ይህን ክብር ሲያገኝ የመጀመሪያው ሆነ። ተራ ለመያዝ የመጡ ሰዎች ሌሊቱን በመኪናቸው ውስጥ አድረው ጎሕ ሲቀድ ይሰለፋሉ፤ በቁልቢ ዋዜማ በመኪናና በድንኳን ያደረ ምእመን ይህን ሲሰማ ዓላማው ቢለይም ድካሙን ያውቀዋል።

ይሁንና ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የስኮትላንዷ የሴንት አንድሩስ ታሪክ ነው። በዚያች ከተማ በ1552 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን፣ በባሕሩ ዳር ባለው አሸዋማ ሣር ሜዳ ላይ ጥንቸል የማርባት መብት ሲሰጠው፣ ሕዝቡ በዚያው ሜዳ ጎልፍና ኳስ የመጫወት መብቱ እንደ ተጠበቀ እንዲኖር በጽሑፍ አጸና። በ1797 ግን ከተማዪቱ በዕዳ ተይዛ ሜዳውን ሸጠችው፤ የጥንቸል ነጋዴዎችም ሣሩን ጉድጓድ በጉድጓድ ስላደረጉት፣ በነጋዴዎቹና በተጫዋቾቹ መካከል ለዓመታት ክርክርና ጠብ ሆነ፤ በ1821 አንድ ባለርስት ገዝቶ ጨዋታውን ከጥፋት አዳነው፤ በመጨረሻም በ1894 በፓርላማ ሕግ ወደ ከተማዪቱ ተመለሰ። ጎልፍ በ18 ጉድጓድ እንዲጫወቱት ሥርዓቱን የሰጠው ይኸው ሜዳ ነው፤ በ1764 ከ22 ወደ 18 ስለ ተቀነሰ ሌላውም ዓለም ተከተለው። ዛሬ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በዕጣ ተራ ይደርሰዋል፤ በሰንበት ቀን ግን ጨዋታው ይቆምና ሕፃናትና ሽማግሌዎች ውሾቻቸውን እያስከተሉ ይንሸራሸሩበታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት የአዲስ አበባው ሰፊ ግቢ ውስጥ 9 ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ አለ፤ ነገር ግን በአጥር ውስጥ ያለ ነገር ለመንገደኛ አይሆንም። አሰበ ተፈሪ ባለችበት በጨርጨር የጎልፍ ሜዳ ይሠራ የሚል ሰው ቢነሣ እኔ እጄን አላነሣም፤ እርከኑ፣ ጫቱና ማሽላው የገበሬው እንጀራ ነውና። ሆኖም ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ወዳላት አሰበ ተፈሪ እየወጣ የሚጫወት ሰው ቢኖር፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ያው ምት ኳሷን እያራቃት ሲሄድ ያይ ነበር፤ ይህን ስነግረው አጎቴ ለብቻው ሳቀ።

አሰበ ተፈሪ ከስሟ ጀምሮ በአሳብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽነት ዘመን ጨርጨርን ለሌሎች አርአያ የሚሆን አውራጃ ለማድረግ የደከሙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፣ በእኛ አቈጣጠር የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ለሚሠሩት ነገር ሁሉ አስቀድሞ ንድፍ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ዛሬም በጭሮም፣ በሂርናም፣ በበደሳም፣ በገለምሶም ቤት በቤት ላይ እየተተካ ሲሄድ፣ እረኛ ሩሩን የሚያንከባልልበት ለጥ ያለ ስፍራ ማሳው ታጭዶ እስኪታረስ ድረስ ብቻ የሚገኝ እየሆነ ነው። ስለዚህ የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ሹማምንት፣ የቀረው ደልዳላ መሬት በገመድ ተለክቶ ሳያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ከተማ አንድ ሜዳ ለወል ተብሎ በካርታና በመዝገብ እንዲጸና፣ የሃሚልተንን ያህል አንድ ወረቀት ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት እለምናለሁ።