የወደቡ ቁርስ በገዛ ድስት

በጅቡቲ ወደብ ማለዳ ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ ፉል ነው። በግብጽ፣ በሱዳንና በየመን ከጥንት የታወቀው ይህ የባቄላ ምግብ፣ ለወደብ ሠራተኛውም ሆነ ጭነት ለማንሣት ከኢትዮጵያ ለሚወርደው የከባድ መኪና ሾፌር በትኩስ ዳቦ ተጠቅሶ የሚበላ የጉልበት ስንቅ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአገራችን የባሕር ንግድ አብዛኛው በዚህ ወደብ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ወረፋ እየጠበቀ ከቤቱ ርቆ የሚሰነብተው ወገን ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው በየዕለቱ ከምግብ ቤት መመገብ ኪስን ያራቁታል። አንድ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ግን፣ አሠራሩን ላወቀ ሰው፣ ለብዙ አፍ ይበቃል።

የሥራው ምሥጢር ጊዜ ነው። ባቄላው ተለቅሞና ታጥቦ ማታ በብዙ ውኃ ይዘፈዘፋል። ጠዋት የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይጣዳል፤ ከፈላ በኋላም እሳቱ ተቀንሶ፣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀላል። ማዕድን የበዛበት ውኃ ባቄላን አልበስል ያሰኘዋል። የጅቡቲ የጉድጓድ ውኃ በጨዋማነቱ የታወቀ በመሆኑ፣ በ2009 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ከሐደጋላ በቧንቧ መፍሰስ የጀመረው ውኃ ለድስቱም ውለታ ውሏል።

ቀጥሎ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ለወደደም በርበሬ ይታከልበታል። ባቄላው ገብቶ በእንጨት ማንኪያ ይደፈጠጣል። የተቀቀለበት ውኃ አይደፋም፤ እንዳይደርቅ ጥቂት በጥቂት ይጨመርበታል። ከመጥበሻው ወለል መላቀቅ ሲጀምር በጨው፣ በከሙንና በሎሚ ተጣፍጦ ይወጣል። ሜክሲኮዎች ከቦሎቄ የሚያሰናዱት «ፍሪሆሌስ ሬፍሪቶስ» የዚህ ምግብ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ትርጉሙም ብዙዎች እንደሚመስላቸው «ዳግም የተጠበሰ» ሳይሆን «በሚገባ የተጠበሰ» ማለት ነው።

ሦስት ነገሮች ግን ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ በባቄላ ፈንታ ቀይ ቦሎቄ የሚጠቀም ሰው ከዘፈዘፈው በኋላ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል ማንተክተክ አለበት፤ በጥሬው ሆድን የሚያውክ መርዝ ስላለው ለብ ያለ ሙቀት አያጠፋውም። ሁለተኛ፣ በዘር በሚወረስ የደም ችግር ምክንያት ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች አሉ። ከበላ በኋላ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ሦስተኛ፣ የጅቡቲ ሙቀት በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ትራፊ መጣል ይኖርበታል። እንግዲህ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ይቀቅል፤ ደረቁ ባቄላ ሳይበላሽ ይጠብቀዋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ባቄላም ጥድፊያን አይወድም። ወረፋ ጠባቂው ሾፌርም ቢሆን፣ ወታደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት አንድ እፍኝ ቢዘፈዝፍ የነገውን ቁርስ ከወዲሁ ጀመረ ማለት ነው።