«አርጅተው ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አንጎል ግሊያ ሴሎች ጥቂት ነጥቦች



በቤታችን ወይም በሰፈራችን አንድ ትልቅ ሰው የልጆቻቸውን ስም ማቀላቀል ሲጀምሩ፣ ዙህርን መስገዳቸውን ረስተው ደግመው ሲሰግዱ፣ ወይም ከመስጂድ ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ሲጠፋቸው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን እንላለን። ወይ «አርጅተው ነው» እንላለን፣ ወይ «ጂን ነክቷቸው ነው» እንላለን። ሁለቱም አባባሎች የሚያደርሱን አንድ ቦታ ነው፤ ሰውየውን ሐኪም ሳያያቸው እናስቀምጣቸዋለን። ሆኖም የመርሳት በሽታ በአንጎል ውስጥ በዓይነ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ጉዳት ያለው በሽታ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ጉዳት ለመረዳት ባለፉት ዓመታት ፊታቸውን ያዞሩት ደግሞ በትምህርት ቤት ባዮሎጂ እምብዛም ወዳልተማርናቸው ሴሎች ነው። ስማቸው ግሊያ ይባላል።

የፈረንጅ በሽታ ነው?

አንዳንዶቻችን አልዛይመርና ፓርኪንሰን የሀብታም አገር በሽታ ይመስሉናል። ነገር ግን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከሆሳዕና ብዙም በማይርቀው የቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ያካተተ የነርቭ በሽታዎች ጥናት አድርገው ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ቤት ለቤት በተደረገው በዚህ ፍለጋ ከ100,000 ሰው ውስጥ ወደ 7 የሚጠጉ የፓርኪንሰን ሕሙማን እንዳሉ ተገምቷል። ቁጥሩ ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሆኖም እነዚህ በሽታዎች በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር እንደሚመጡና የአገራችን ሕዝብም በአብዛኛው ወጣት እንደሆነ አንርሳ። ዕድሜያችን ሲረዝም ቁጥሩም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ነው።

ግሊያ ምንድን ነው?

አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። የምናስበው፣ የምናስታውሰውና እጃችንን የምናንቀሳቅሰው እነርሱ እርስ በርስ በሚለዋወጡት መልእክት ነው። ከእነርሱ ጎን በቁጥር የሚቀራረቧቸው ሌሎች ሴሎች ይገኛሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሖ እ.ኤ.አ. በ1856 ለእነዚህ ስም ሲያወጣ የነርቭ ሴሎችን አጣብቆ የያዘ ሙጫ መስለውት ነበር። «ግሊያ» የሚለው ቃልም በግሪክኛ ሙጫ ማለት ነው። ስሙ ለረጅም ዘመን ሳይንቲስቶችን አሳስቷል። ሙጫን ማን አተኩሮ ያጠናዋል?

ዛሬ የምናውቀው ሌላ ነው። ሰርግ ላይ ከዳሱ የሚታየው ሙሽራው ነው፤ ድግሱ እንዲዘልቅ የሚያደርጉት ግን ጓዳ ያሉት ናቸው። ግሊያም የአንጎል ጓዳ ሠራተኞች ናቸው። ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች እንያቸው።

አስትሮሳይት፦ ኮከብ የሚመስል ቅርጽ አለው። የነርቭ ሴሎችን ይመግባል፤ የተረፈውንም ኬሚካል ይሰበስባል።

ኦሊጎደንድሮሳይት፦ የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን የነርቭን ረጅም ክር ማየሊን በሚባል ስብ ይጠቀልላል። ይህ መጠቅለያ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው በሽታ የሚያጠቃው ይህንን ነው።

ማይክሮግሊያ፦ የአንጎል ጠባቂና ጽዳት ሠራተኛ ነው። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ አሳወቀው። ክንዶቹን እየዘረጋ አካባቢውን ይፈትሻል፤ ጀርምና የሞተ ሴል ሲያገኝ ይውጣል።

ጓያ የሚያስተምረን

የአስትሮሳይት ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በአገራችን ጓያ አለ። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ውሃ በተኛበት ጥቁር አፈርም ላይ የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። በሽሮ፣ በቂጣና በንፍሮ ይበላል። ሌላው ሰብል ሲጠፋ የደሃውን ሕይወት የሚያተርፈው እርሱ ነው። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ፣ የማይድን በሽታ ያመጣል። ሕዝቡ «ጓያ ሰበረው» የሚለው ይህንን ነው። ከ1995–96ቱ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ጀምሮ በወሎ በደላንታና ዳውንት ከ2000 በላይ ሰዎች እንደተጎዱ ተመራማሪዎች ዘግበዋል። ከተጎጂዎቹ መካከል ወጣት ወንዶች ይበዛሉ።

ምክንያቱ ጓያ ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል መርዝ ነው። የነርቭ ሴሎች አንዱ ሌላውን የሚቀሰቅሱበት ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ይባላል። ግሉታሜት ሥራውን ጨርሶ ካልተነሳ ግን የነርቭ ሴልን ከልክ በላይ እየቀሰቀሰ ይገድለዋል። በጤና ጊዜ አስትሮሳይት በፍጥነት ይሰበስበውና ጉዳት ወደማያደርስ መልክ ለውጦ ለነርቭ ሴሉ ይመልሰዋል። ኦዳፕ ግሉታሜትን ስለሚመስል የነርቭ ሴሉን በር ያንኳኳል፤ መንኳኳቱም ሲበዛ እግርን የሚያዝዙት ሴሎች ይጎዳሉ።

ሌላም ነገር አለ። አስትሮሳይት የነርቭ ሴሎችን ከመርዝ ለመከላከል ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር እንዲሠሩ ይረዳቸዋል። ይህ ንጥረ ነገር የሚሠራው ሰልፈር ካላቸው አሚኖ አሲዶች ነው። ጓያ ውስጥ እነዚህ አነስተኛ ናቸው፤ እንደ ጤፍ ባሉ እህሎች ውስጥ ግን የተሻለ መጠን አለ። ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ በኢትዮጵያ ገበሬዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱም ይኸው ነው።

የጓያ ጉዳት ከተከሰተ በኋላ ባለበት ይቆማል እንጂ እንደ አልዛይመር እየከፋ አይሄድም። የግሉታሜት መከማቸት ግን ጡንቻን እያሰለለ በሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ. በሚባለው በሽታም ይታያል። በዚህ በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ግሉታሜትን የሚሰበስበው የአስትሮሳይት ፕሮቲን ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው ሪሉዞል የተባለ መድኃኒትም የግሉታሜትን ጫና የሚቀንስ ነው። በሽታውን አያድንም፤ ዕድሜን ግን በተወሰኑ ወራት ያራዝማል።

ጠባቂው ሲያጠቃ

አሁን ወደ መርሳት በሽታ እንመለስ። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሟች ታካሚውን አንጎል ሲመረምር ከሴሎች ውጭ የተከማቸ ቆሻሻ፣ በሴሎች ውስጥም የተተበተበ ክር አገኘ። ቆሻሻው አሚሎይድ፣ ክሩም ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች መሆናቸው በኋላ ታወቀ። አልዛይመር ግን ሦስተኛ ነገርም ጽፎ ነበር፤ በግሊያ ሴሎቹ ውስጥ የስብ ክምችት አይቷል። ሁለቱ ግኝቶች ለዘመናት ሲጠኑ ሦስተኛው ችላ ተባለ።

ነገሩን የቀየረው የዘረመል ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ትሬም-2 በተባለ ጂን ላይ የሚገኝ ያልተለመደ ለውጥ የአልዛይመርን ዕድል በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ። ይህ ጂን በአንጎል ውስጥ የሚሠራው በዋናነት በማይክሮግሊያ ላይ ነው። ማለትም ጽዳት ሠራተኛው ቆሻሻውን ለይቶ ከብቦ መያዝ ሲያቅተው በሽታው ይቀርባል።

ማይክሮግሊያ ሁለት ገጽ አለው። በመጀመሪያ አሚሎይድን እየከበበና እየዋጠ ይከላከላል። ቁጣው ለዓመታት ሲዘልቅ ግን እብጠት የሚያስከትሉ ኬሚካሎችን ይረጫል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጤነኛ የነርቭ መገናኛዎችን ጭምር ሲበላ ታይቷል። ትዝታ የሚኖረው በእነዚህ መገናኛዎች ነው። ስለዚህ ማይክሮግሊያን ዝም ብሎ ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም፤ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት መከላከሉን ደግፈው ጥፋቱን የሚገቱበትን መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ አሚሎይድን ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት ሲሆን፣ ማይክሮግሊያም በማጽዳቱ ሥራ ይሳተፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ባሉ ሕሙማን ላይ መዳከሙን በ18 ወር ውስጥ በ27 በመቶ ገደማ አዘግይቷል። የጠፋውን ትዝታ ግን አይመልስም፤ የአንጎል እብጠትና መድማትም ሊያስከትል ይችላል፤ ዋጋውም እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ «መድኃኒቱ ተገኘ» ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥልንን ሁሉ አንመን።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ወላጆቻችንን እናስመርምር። የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ኢንፌክሽን፤ እነዚህ ሁሉ ያስረሳሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ሆሳዕና ያለን በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ዱራሜና ሌላ ከተማ ያለንም በአካባቢያችን ሆስፒታል ከውስጥ ደዌ ሐኪም መጀመር እንችላለን። ሩቅያ ማስቀራት የፈለገ ያስቀራ፤ ሕክምናን ግን አያዘግይ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘውናል።

ሁለተኛ፣ ከወዲሁ እንከላከል። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ መሠረት 14 የአደጋ መንስኤዎች ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ከእነርሱ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ ያልታከመ የመስማት ችግር፣ የትምህርት ማነስና ብቸኝነት ይገኛሉ። ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ የእናትና አባታችንን ግፊት ማስለካት ትልቅ ኸይር ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ አደብ። ቁርኣን ይህን የዕድሜ ደረጃ በሱረቱ ነሕልና በሱረቱል ሐጅ ጠቅሶታል፤ በሱረቱል ኢስራእም ላረጁ ወላጆች እንዴት መናገር እንዳለብን አዞናል። ሰላታቸውን ደጋግመው የሚሰግዱትን አባት አንጩህባቸው፤ ልጆችም እንዳይስቁባቸው እንከልክል። አእምሮውን ያጣ ሰው ግዴታው እንደሚነሳለት በመድረሳ ተምረናል። የእርሳቸውን ሁኔታ ዝርዝር ፍርድ ደግሞ ዓሊሞቻችንን እንጠይቅ።

በመጨረሻም ለጤና፣ ለባዮሎጂና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንድ ቃል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉሙዲን ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረውታል። ሰዉ ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲሻማ ከተሞች ያለ ሙስሊም ሐኪም መቅረታቸውንም ወቅሰዋል። የነርቭ ሕክምና በአገራችን ዛሬም ባለሙያ የሚያንስበት ዘርፍ ነው። ምርምሩ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የአንጎል ምስል የሚያነሳውን መሣሪያ የሚጠግን፣ መረጃውን የሚተነትን፣ መስሚያ መሣሪያን በርካሽ የሚሠራም ይፈልጋል። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራችሁን ርዕስ ስትመርጡ ይህን አስቡበት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።