አዲስ መኪና ወይስ ያገለገለ? ገዢው አስቀድሞ ሊያሰላው የሚገባ ሒሳብ

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ መኪና በኢትዮጵያ እንደ ተራ ዕቃ ሳይሆን እንደ ቤት የሚቈጠር ሀብት ሆኖ ቈይቷል። በብዙ አገር መኪና ከሻጩ መደብር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ግን መኪናውን ጥቂት ዓመት ነድቶ ከገዛበት ዋጋ በላይ የሸጠ ሰው ጥቂት አይደለም። የዚህም ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ማነስና የቀረጡ ክብደት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሻጭ አተረፍኩ ከማለቱ በፊት፥ በተቀበለው ገንዘብ ያንኑ የመሰለ መኪና መልሶ ለመግዛት ይችል እንደ ሆነ ራሱን መጠየቅ አለበት። የማይችል ከሆነ፥ የጨመረው የብሩ ቍጥር እንጂ ሀብቱ አይደለም።

የመኪና ገበያ በቅርብ ዓመታት እጅግ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ታክሱን በመኪናው ዕድሜና በሞተሩ መጠን ላይ መሠረተ፤ ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይም እስከ 500 በመቶ ጣለ። ቀጥሎም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ አለ። ስለዚህ የዛሬው ገዢ ምርጫ በአመዛኙ አገር ውስጥ በቈየ የቤንዚን መኪናና በኤሌክትሪክ በሚሠራ አዲስ መኪና መካከል ነው።

ምርጫው በዋጋ ብቻ እንዳይወሰን አንድ ምሳሌ እንመልከት። ቍጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ነጋዴ አዲስ መኪና በ4,000,000 ብር ገዝቶ ከ5 ዓመት በኋላ በ2,800,000 ብር ቢሸጥ፥ ለጥገናም 200,000 ብር ቢያወጣ፥ ጠቅላላ ወጪው 1,400,000 ብር ይሆናል፤ ይኸውም በዓመት 280,000 ብር ነው። ሌላው ያገለገለ መኪና በ2,500,000 ብር ገዝቶ በ2,000,000 ብር ቢሸጥ፥ ለመለዋወጫና ለጥገና 700,000 ብር ቢከፍል፥ መኪናው ደግሞ 60 ቀን ጋራዥ ቆሞ በየቀኑ የ5,000 ብር ገቢ ቢያሳጣው፥ ወጪው 1,500,000 ብር፥ ማለት በዓመት 300,000 ብር ይደርሳል። ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው።

ነገር ግን ይኸው ያገለገለ መኪና በደኅና ተይዞ የቈየ ቢሆንና ጋራዥ የሚቆምበት ቀን ከ60 ወደ 10 ቢወርድ፥ የዓመቱ ወጪ 250,000 ብር ሆኖ ከአዲሱ ያንሳል። ከዚህም በላይ የ1,500,000 ብሩ ልዩነት በነጋዴው እጅ ሆኖ ሸቀጥ ይገዛበታል፤ ገንዘቡ በብድር የተገኘ ከሆነም ወለዱ ይቀርለታል። እንግዲህ ነገሩን የሚወስነው የመኪናው አዲስነት ሳይሆን ሥራ የሚያስፈታው ቀን ብዛት ነው።

ልምድ ያላቸው ነጂዎች ይህን ስለሚያውቁ መልኩን ከማየታቸው በፊት መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኝ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ ለብዙ ዘመን የተወደዱት ማንኛውም መካኒክ ስለሚያውቃቸውና ዕቃቸው ስለማይጠፋ ነው። የታክሲ ነጂ የነዳጁን ፍጆታ ያስቀድማል፤ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ሻንሲውንና ባልስትራውን ይመረምራል፤ ወደ ገጠር የሚወጣ ደግሞ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይመለከታል። ገዢውም ከመዋዋሉ በፊት ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ይዞ፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሥቶ፥ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን በዳገት ላይ ቢፈትን ይበጀዋል። ኪሎ ሜትር ቈጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፥ የመቀመጫው፥ የመሪውና የፔዳሉ እልቀት ከቍጥሩ የበለጠ ይመሰክራል።

የኤሌክትሪክ መኪናም የራሱ ጥያቄዎች አሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሩ በመሳሳቱ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጕልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያስፈልገው ከፍታው ጕልበቱን አይቀንስበትም፤ ቍልቍለት ሲወርድም ፍሬኑን እያገዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በሌላ በኩል የመኪናው ትልቁ ዋጋ ባትሪው ነው። ስለዚህ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው የባትሪው አቅም ምን ያህል እንደ ቀረ በመሣሪያ ያስለካ። አዲስ የሚገዛውም የፋብሪካው ዋስትና በኢትዮጵያ ይጸና እንደ ሆነ በጽሑፍ ይቀበል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የኃይል መሙያ ሶኬቱ ከአውሮፓው የተለየ ስለ ሆነ፥ በሚኖርበት አካባቢ የሚስማማ መሙያ መኖሩንም ያረጋግጥ።

በመጨረሻም የሰነዱ ነገር ቸል ሊባል አይገባውም። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቍጥሮች ከመኪናው ጋር መመሳሰላቸው፥ ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩ ከክፍያ በፊት መጣራት አለበት። ብዙዎች ወጪ ለመቈጠብ ሲሉ ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ ይሻሻጣሉ፤ ይህ ግን ለሁለቱም አደጋ ነው። ውክልና ሊሻር ይችላልና ገዢው በንብረቱ አይተማመንም። ሻጩም ቢሆን፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ስለሚያደርግ፥ ከሸጠው በኋላ በደረሰ አደጋ ስሙ በመዝገብ ስላለ ብቻ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ በመኪና ግዢ የሚደርሰው ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ የችኰላ ነው። አንድ ቀን ለምርመራ፥ አንድ ቀን ለሰነድ፥ አንድ ምሽት ደግሞ ለሒሳቡ የሰጠ ነጋዴ፥ አዲስም ይግዛ ያገለገለ፥ ገንዘቡን የት እንዳዋለ ዐውቆ ይገዛል።