ሳይቃጠል በቅጠል፦ ልጆቻችን የሚያበላሹትን ኮምፒውተር በቀላሉ ወደነበረበት ለመመለስ

በዚህ ሰዓት ከእኔ የምትጠብቁት የፖለቲካ ትንታኔ እንደሆነ አውቃለሁ። የዛሬው ጉዳይ ግን የሚነሳው ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከየቤታችን ሳሎን ነው። ልጆቻችን የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ሲበላሽ ምን እናደርጋለን? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመበላሸቱ በፊት ምን ማድረግ ነበረብን?

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ተቃጥዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ትንሹ ልጄ 11 ዓመቱ ሳለ፣ የቤታችን ኮምፒውተር አልከፈት አለ። ልጁን ብጠይቀው «እኔ አልነካሁትም» አለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ለሚጫወተው ጌም ነጻ ገንዘብ ይሰጣል የተባለ ፕሮግራም አውርዶ ጭኗል። ችግሩ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስለፈራኝ ግን ትንፍሽ አላለም። ኮምፒውተሩን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ፎርማት አድርጎ መለሰልኝ፤ እንደ አዲስም ይሠራ ጀመር። ነገር ግን እናቴ ከማረፏ በፊት አዲስ አበባ ሄጄ የቀረጽኩት ድምጿና ያነሳኋት ፎቶ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በልጁና በጥገና ቤቱ ሳላክክ ቆየሁ። እውነቱን ስንነጋገር ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባልን አድገን፣ የቤቱን ሙሉ ሊጥ ለልጅ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ነው፤ ለምሳሌ ዊንዶውስና የተጫኑት ፕሮግራሞች። ሁለተኛው የልጁ የራሱ ሥራ ነው፤ የቤት ሥራው፣ ሥዕሉ፣ ጌሙ። ሦስተኛው የቤተሰቡ ንብረት ነው፤ ፎቶ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የግብር ሰነድ። የመጀመሪያው ቢጠፋ ይተካል። ሦስተኛው ከጠፋ ግን ምትክ የለውም። የብዙዎቻችን ስህተት ሦስቱን በአንድ ቦታ ቀላቅለን፣ ለሁሉም አንድ መግቢያ መስጠታችን ነው።

ፖለቲካ ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ሥልጣን ሁሉ በአንድ እጅ አይከማች የሚለው ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሁለት ዓይነት አካውንት አለ። አድሚኒስትሬተር የሚባለው ሁሉን ማድረግ ይችላል፤ ፕሮግራም ይጭናል፣ ያጠፋል፣ የሥርዓቱን ፋይል ይነካል። ስታንዳርድ የሚባለው ግን ኮምፒውተሩን ይጠቀምበታል እንጂ አይገዛውም። ልጃችሁ ስታንዳርድ አካውንት ይሰጠው። የአድሚኒስትሬተሩ ፓስወርድ እናንተ ጋ ብቻ ይሁን። እናንተም ብትሆኑ ለዕለት ሥራችሁ ስታንዳርዱን ብትጠቀሙ ይመረጣል።

ይህ ሁሉንም ነገር ያግዳል ማለት አይደለም። አንዳንድ ፕሮግራሞች በልጁ አካውንት ውስጥ ብቻ ገብተው ሊጫኑ ይችላሉ። ጥቅሙ ግን ጉዳቱ በአብዛኛው በእሱ ክፍል ተወስኖ መቅረቱ ነው። አካውንቱን ዘግታችሁ አዲስ ትከፍቱለታላችሁ፤ የቀረው ቤት ግን አይነካም።

ቀጣዩ ሥራ የኮምፒውተሩን ጤነኛ መልክ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ ሳለ ወይም ፎርማት እንደተደረገ፣ መጀመሪያ የዊንዶውስን ማሻሻያዎች በሙሉ ጫኑ። ከዚያ ልጁ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስገቡ፤ ብራውዘር፣ የትምህርት ቤት ፕሮግራሞች፣ የፕሪንተሩን ሶፍትዌር፣ የአማርኛ መጻፊያውንም ጭምር። ሁሉም በትክክል መሥራቱን አይታችሁ፣ ልጁ ከመንካቱ በፊት፣ የሙሉ ዲስኩን ቅጂ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ይህ ሲስተም ኢሜጅ ይባላል። በዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ኮንትሮል ፓኔል ውስጥ ይህን የሚሠራ አሮጌ መሣሪያ እስካሁን አለ። ክሎንዚላ የሚባለው ነጻ ፕሮግራምም ይህንኑ ይሠራል።

ከዚህ ጋር ሪከቨሪ ድራይቭ የሚባለውን በፍላሽ አዘጋጁ። ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሳ ሲል በዚያ ፍላሽ ታስነሱታላችሁ። 32 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ብትገዙ ይበቃል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በራሱ ጊዜ ይቆለፋል፤ ቢትሎከር የሚባለው ቴክኖሎጂ ነው። መክፈቻው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬውኑ ፈልጋችሁ በወረቀት ጻፉትና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። በጭንቅ ሰዓት ያ ቁጥር ከሌለ የራሳችሁ ቤት በራሳችሁ ላይ ይዘጋል።

የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ በተመለከተ ደግሞ፣ ልጁ ከሚጠቀምበት ኮምፒውተር ውጭ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይኑር። አንዱ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ሌላው በኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻ ወይም ዘመድ ቤት የተቀመጠ ሁለተኛ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት። ለምን? ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው የዚህ ዓይነት ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ሲያስተጓጉል ዓለም ተመልክቷል። ያልተሰካ ዲስክ ግን ሊቆለፍ አይችልም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን እንምጣ። ኮምፒውተሩ ታመመ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ውጡ እንጂ ወዲያው ፎርማት አትበሉ። መጀመሪያ አጥፍታችሁ አስነሱት። ካልሆነ ሲስተም ሪስቶር የሚባለውን ሞክሩ፤ የሥርዓቱን ፋይሎች ወዳለፈ ቀን ይመልሳል፣ ፎቶና ጽሑፍ አይነካም። ነገር ግን በብዙ ኮምፒውተር ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ ቀድማችሁ መክፈት አለባችሁ። ሦስተኛው ሪሴት ነው። «ፋይሎቼን አቆይ» የሚለውን ከመረጣችሁ ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል፣ የግል ፋይሎች ይቀራሉ፣ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ። የመጨረሻው ያስቀመጣችሁትን ኢሜጅ መመለስ ነው። ይህ ዲስኩን ጠርጎ ኢሜጁ ወደተወሰደበት ቀን ይመልሰዋል። ከዚያ ቀን በኋላ የተሠራው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድማችሁ ገልብጡ። ኮምፒውተሩ አልከፈት ካለም ከሪከቨሪ ፍላሹ ተነስታችሁ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ አዘጋጅታችሁ ሳትሞክሩት አትቀመጡ። ቢያንስ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ መነሳቱን፣ ኢሜጁንም ማግኘቱን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞክሩ። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ሌላ መንገድ አለ። ክሮምቡክ ያላችሁ ፓወርዋሽ የሚለውን ስትጫኑ በጥቂት ደቂቃ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ፋይል ግን አብሮ ይጠፋል። ዊንዶውስ 10 ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳቆመ እወቁ። እንዲህ ያለውን ማሽን ከመጣል ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ሥርዓት መጫን ይቻላል። በውስጡ ታይምሺፍት የሚባል፣ ሥርዓቱን ወዳለፈ ቀን የሚመልስ መሣሪያ አለው።

አገር ቤት ለወንድምና ለእህት ልጆች ላፕቶፕ የምትልኩ ወገኖች፣ ይህ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል። ላፕቶፑ እዚያ ሲበላሽ እናንተ አጠገቡ የላችሁም። ዊንዶውስን ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ይበላል፤ ለተማሪ ልጅ ያ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ላፕቶፑን ከመላካችሁ በፊት አዘጋጁት፤ የሪከቨሪ ፍላሹንና ኢሜጁ ያለበትን ዲስክ አብራችሁ ላኩ። መመሪያውንም በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፉላቸው። «ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ» የሚለው የመጀመሪያው መስመር ይሁን፤ በመሃል መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይበላሽ። ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምታዋጡ ማኅበራት ደግሞ ዲፕ ፍሪዝ የተባለውን የካናዳ ኩባንያ የፋሮኒክስ ሶፍትዌር ተመልከቱ። የሚከፈልበት ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ቀኑን ሙሉ የለወጠው ሁሉ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ወደነበረበት ይመለሳል።

በመጨረሻ፣ ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጄ ያን ጊዜ ሦስት ሳምንት ዝም ያለው ኮምፒውተሩ ሊመለስ እንደሚችል ስላላወቀና እኔን ስለፈራ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ያጠፋውን የደበቀ ልጅ፣ ነገ ኢንተርኔት ላይ የማያውቀው ሰው ሲያስፈራራውም ሊደብቅ ይችላል። አሁን በቤታችን ሕጉ አንድ ነው፤ ያበላሸ ወዲያው ይናገራል፣ የተናገረ አይቆጣም። ይህን ሕግ ማክበር የቻልኩት ታጋሽ ስለሆንኩ አይደለም። ኮምፒውተሩን በአንድ ሰዓት ወደነበረበት መመለስ ስለምችል ነው። ባለፈው ክረምት ልጄ ራሱ መጥቶ «አባዬ፣ አንድ ነገር ነካሁ» አለኝ። ፍላሹን ከመሳቢያው አወጣን፤ የመለሰውም እሱ ነው፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ።

የእናቴ ድምፅ አልተመለሰም። የእናንተ እናት ድምፅ ግን አሁንም ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ዛሬ ማታ ሳትተኙ ገልብጡት። ደህና ሰንብቱ።