ከፀጉር የቀጠነ ጨረር

ኤክስሬይ ክሪስታል ላይ ሲያርፍ እንደ አተሞቹ አሰላለፍ ወደ ተወሰኑ አቅጣጫዎች ይበተናል፤ አቅጣጫውን ለክቶ ማዕድኑን መለየት ይቻላል። ከ1912 እ.ኤ.አ. ከፎን ላውኤ ሙከራ ወዲህ የታወቀ ነውና አልቆይበትም።

የኔ ልብ ያለው ጨረሩን በሚሰበስበው ብርጭቆ ላይ ነው። ሮንትገን ራሱ በሌንስ ሊሰበስበው ሞክሮ አልሆነለትም። ብርጭቆ ኤክስሬይን የሚያጥፈው እጅግ በጥቂቱ፣ ያውም ከተራ ብርሃን በተቃራኒው ነው። ጉዱም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከአየር የመጣ ጨረር የብርጭቆውን ገጽ ጨረፍ ብቻ ካደረገው ሳይገባ ይነጥራል፣ ልጆች ኩሬ ላይ አጋድመው እንደሚወረውሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ። ከመዳብ የኤክስሬይ ቱቦ ለሚወጣ ጨረር ማዕዘኑ ከ0.22 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ግን አለቀ፣ ብርጭቆው ይውጠዋል። ስለዚህ ጥቂት ማይክሮን የሚሰፉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ያሉት የብርጭቆ ዘንግ ይሠራና ቀዳዳዎቹ በዝግታ እንዲጎብጡ ይደረጋል። ጨረሩ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ኩርባውን ይከተላል፤ ከጫፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። ሐሳቡን በ1980ዎቹ ያራመደው ሶቪየታዊው ሙራዲን ኩማኮቭ ነው። «ቀዳዳ አጥብቦ መልቀቅስ?» ለሚሉኝ፦ እሱ መጣል እንጂ መሰብሰብ አይደለም።

አሁን ወደ ወቀሳዬ። አንድ ተማሪ በዚህ ብርጭቆ በተሰበሰበ ጨረር አሮጌ የመዳብ ሳንቲም ላይ ያለች አረንጓዴ ነጥብ ሊመረምር ሞክሮ የሳንቲሙ መዳብ የበተነው መስመር ብቻ ጎልቶ ወጣበት።

«ጋሼ፣ ጨረሩ 50 ማይክሮን አይደል እንዴ?»

«በስንት ዲግሪ ነው ያሳረፍከው?»

«በ10።»

ባትሪ ወለል ላይ አጋድለህ ስታበራ ክቡ ምን ይሆናል? ይለጠጣል። በ10 ዲግሪ 50ው ማይክሮን 290 ገደማ ይሆናል፤ ከነጥቧ አልፎ ሳንቲሙን ረግጧል። መሣሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጨረሩ ፊት ለፊት ሲመታ ያለው ስፋት ነው፣ ይህን ስንቱ ተመራማሪ ይረሳዋል! ናሙናውን ሁለት ሚሊሜትር ከትኩረቱ አርቀው «ብርጭቆው ተበላሸ» የሚሉትንማ ተዉኝ።

በ30 ዲግሪ አሳረፍነው፣ ስፋቱ 100 ማይክሮን ሆነ። የመዳቡ መስመር ደከመ፣ የአረንጓዴዋ ብቅ አለ። ከ30 ዲግሪ በታች የሚበተኑትን መስመሮች ግን ሳንቲሙ ራሱ ጋረዳቸው፤ ለእነሱ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ዱቄት ፍቀን ለብቻ አነሳናቸው።