ዜሮ የሌለው ቁጥር በስልክ ላይ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ዳዊት የሚደግም ሰው ፻፲፰ን ሲያይ ቆም አይልም። ከላይና ከታች ሰረዝ ያለበት ይህ አኃዝ ረጅሙ መዝሙር ላይ መድረሱን ይነግረዋል፤ መቶ፣ ዐሥር፣ ስምንት፣ በቃ። ይኸው ሰው ስልኩን ሲከፍት ግን፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጎት እንኳ፣ የሚያየው 118 ነው።

«የራሳችን ቁጥር እያለን!» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይነሣል። ጥፋቱንም ብዙ ሰው በውጭ ኩባንያዎች ንቀት ያመካኛል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ሶፍትዌር ቁጥርን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲያዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ዐሥር ምልክቶች በሌላ ዐሥር ይተካል። ይህ ለቤንጋሊ፣ ለኔፓሊና ለአረብኛ ይሠራል፤ ሁሉም ዜሮ አላቸው፣ የምልክቱ ዋጋም በቦታው ይወሰናል። የግዕዝ አኃዝ ግን መነሻው የግሪክ ፊደል ነው፤ በንጉሥ ኤዛና ዘመን የአክሱም ጽሑፎች ላይም አለ። ሃያ ምልክት አለው፦ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ዜሮ የሚባል ነገር የለውም። 118ን አንድ በአንድ ብትተኩት ፩፩፰ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን የሚያነብ መሪጌታ የለም። 150 ላይማ ፩፭ ካላችሁ በኋላ ለዜሮዋ የምታስቀምጡት ይጠፋችኋል።

ለየፊደሉ በኮምፒውተር ላይ የጋራ መለያ የሚሰጠው ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን በ3.0 ዕትሙ ሲያስገባ ሃያዎቹን አብሮ አስገባ፤ ከዐሥርዮሽ አኃዞች ተራ ግን አያሰልፋቸውም። ትክክል ነው። ሶፍትዌሮች የየቋንቋውን አጻጻፍ የሚቀዱበት ሲኤልዲአር የተባለው የመረጃ ቋትም ለአማርኛ መደበኛ ያደረገው 0–9ን ነው፤ የግዕዙ በደንብ እየተሰላ የሚጻፍ አማራጭ ሆኖ ተቀምጧል። ደንቡ ከባድ አይደለም። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለቱን ትከፍላላችሁ፦ 2017 ማለት 20 መቶ እና 17፣ ማለትም ፳፻፲፯። የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ደግሞ ፸፭፻፲፯ ይሆናል።

ታዲያ ሁሉም ይለወጥ? በፍጹም። በመንዝ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ነጋዴው የሚደምረው በ0–9 ነው፤ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማም እንዲሁ። የባንክ ሒሳብ፣ የስልክ ቁጥር፣ የጤፍ ዋጋ ባለበት ይቆይ። የዓመት ስም፣ የምዕራፍና የመዝሙር ቁጥር ግን ማንም አይደምራቸውም፤ መለያ ናቸው። ሳንቲሞቻችን እንኳ ፲፱፻፷፱ የሚል ዓመት ተቀርጾባቸው በየኪሱ ሲዞሩ ኖረዋል፤ በዚህ ሳቢያ ገበያ የተዛባበት ሰው አልሰማሁም። ስልኩ ላይ የጎደለው እዚህ ነው፤ ለዚህ ጉድለት ደግሞ ከካሊፎርኒያ ይልቅ አዲስ አበባ ያሉ አልሚዎቻችን ይጠየቃሉ።

የዘመን መቁጠሪያ፣ የግጻዌ ወይም የዳዊት መተግበሪያ የምትሠሩ ሁሉ፣ ቁጥሩን ውስጥ ለውስጥ በ0–9 አስቀምጡት፤ ለዐይን ሲቀርብ ብቻ ቀይሩት። ተጠቃሚውም የሚፈልገውን ይምረጥ። ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ሦስት ቁጥሮች ሞክሩ፦ 100 ሲገባ ፩፻ ሳይሆን ፻፣ 1000 ሲገባ ፲፻፣ 10000 ሲገባ ፼ ካልወጣ ደንቡ ገና አልገባችሁም።